የመጋዘናችን ፕሮግራምና የካርኒው ቁጥር

በዚህ ገጽ የማቀርበው አሳብ ስለ ኮምፒዩተር ፕሮግራም አሠራር ነው። መሐንዲስ ስላልሆንሁ ግን አስቀድሜ ማንነቴን መግለጽ ይገባኛል። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ፈጽሜ፥ የጽሕፈት ሥራ ተምሬ፥ ከሃያ ዓመት በላይ በአቃቂ ቃሊቲ በአንድ የቆርቆሮና የብረታ ብረት አስመጪ ቤት በጸሐፊነት ስሠራ ኖሬአለሁ። ሥራዬም ደብዳቤ መጻፍ፥ ፋይል መክፈት፥ ሰነድ በተራ ቁጥር ማስቀመጥና የጠፋውን መፈለግ ነው። ባለፈው ዓመት ግን ባለሙያዎች «ሬስት» የሚሉትን የድረ ገጽ ፕሮግራም አሠራር ደንብ ለመማር ተገደድሁ። ተገደድሁ ማለቴ በከንቱ አይደለም፤ ደንቡ ባለመጠበቁ አንድ ንጹሕ ሰው በሌብነት ሊከሰስ ጥቂት ቀርቶት ነበርና ነው።

አሠሪዬ ከጥቂት ዓመታት በፊት የመጋዘኑን ገቢና ወጪ የሚመዘግብ ፕሮግራም በአንድ ባለሙያ አሠርተው ነበር። ገንዘቡ ተከፈለ፤ ፕሮግራሙ ሥራ ጀመረ፤ ሠሪውም ወደ ሌላ ሥራው ሄደ። በግንቦት ወር መጨረሻ ከሞጆ ደረቅ ወደብ የመጣ የጭነት መኪና ከሌላው ዕቃ ጋራ 120 ቆርቆሮ አራገፈልን። የመጋዘኑ ኃላፊ ቆጥረው ተረከቡና በካርኒ ፈረሙ፤ መዝጋቢዋም ልጅ ካርኒውን እያየች በኮምፒዩተሩ ጻፈችና «መዝግብ» የሚለውን ቁልፍ ተጫነች። ዝናብ ይዘንብ ነበርና ኔትዎርኩ ተንቀራፈፈ፤ ገጹም መልስ ሳይሰጥ ቆመ። እርስዋም ማንኛችንም እንደምናደርገው ሁለተኛ ተጫነች። የፊተኛው ትእዛዝ ግን ደርሶ ኖሮአል፤ በመንገድ የቀረው መልሱ ብቻ ነበር። ስለዚህ ወደ መጋዘኑ 120 ቆርቆሮ ሲገባ ወደ መዝገቡ 240 ገባ።

ይኸ በዚያን ዕለት አልታወቀም። የታወቀው በሰኔ 30 ቆጠራ ነው። 120 ቆርቆሮ ጎደለ ተባለ። የመጋዘኑ ኃላፊ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ቁልፍ ይዘው የኖሩ፥ እኔም ጋሼ እያልሁ የምጠራቸው ሽማግሌ ናቸው። ጉድለቱን በጽሑፍ እንዲያስረዱ ታዘዙ፤ የሚያስረዱት ግን አልነበራቸውም። «ሰው ይሳሳታል እንጂ ኮምፒዩተር አይሳሳትም» የሚል ንግግር በቢሮው ተሰማ። ሦስት ሳምንት ያህል ምሳ ዕቃቸውን ሳይከፍቱ ወደ ቤታቸው ሲመልሱት አይ ነበር። በመጨረሻ የካርኒውን ቅጂዎች ከፋይል አውጥቼ ከመዝገቡ ጋራ አንድ በአንድ ሳመሳክር፥ የካርኒ ቁጥር 4471 በኮምፒዩተሩ ሁለት ጊዜ፥ በአርባ ሰከንድ ልዩነት ተጽፎ አገኘሁት። አሠሪዬም በሠራተኛው ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቋቸው። ጋሼ ይቅርታውን ተቀበሉ፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ለብዙ ጊዜ የኮምፒዩተር ነገር ሲነሣ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር፤ አልፈርድባቸውም።

እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው? የመዝጋቢዋ አይደለም። የፕሮግራም ሠሪው ብቻ ነው ለማለትም አልደፍርም፤ ምን ብለን እንዳዘዝነው አስታውሳለሁና። «ገቢ የሚመዘገብበት ገጽ አድርግልን፤ ወጪ የሚመዘገብበት አድርግልን፤ ያለፈውን የሚያስተካክል አንድ ቁልፍ ጨምርልን» አልነው። እርሱም እንዳልነው አደረገ። ኋላ የፕሮግራሙን አድራሻዎች ብቆጥራቸው ስድሳ ሦስት ሆኑ፤ «ገቢ መዝግብ»፥ «ገቢ መዝግብ ሁለት»፥ «ዕቃ አሳይና አስተካክል»፥ «የድሮውን አጥፋ» የሚሉ ነበሩ። ሁሉም ግሥ ነው። የሚሠራው ሥራ ተጠርቶአል፤ ሥራው የሚሠራበት ነገር ግን የራሱ ስፍራ አልተሰጠውም። መረከቢያ ቁጥር 4471 በወረቀት ላይ ማንነት ነበረው፤ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ግን ቁጥሩ እንደ ተራ ማስታወሻ ከመጻፉ በቀር ማንነት አልነበረውም። አሳቤም ይኸው ነው፤ የንግድ ቤት ፕሮግራም ሲያሠራ ነገሮቹን በስምና በቁጥር ለይቶ አስቀድሞ ማቅረብ የነጋዴውና የጽሕፈት ቤቱ ፈንታ ነው እንጂ ለመሐንዲሱ የሚተው አይደለም።

በሐምሌ 2016 ዓ. ም. «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለው ነጻ የኢንተርኔት ትምህርት በአገራችን ሲከፈት የፕሮግራምን መሠረታዊ ክፍል ተከታትዬ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለውን ያስተማረኝ የአሠሪዬ የእኅት ልጅ ነው፤ በሳምንት ሁለት ማታ፥ ከሥራ ሰዓት በኋላ፥ መብራት ካለ። የተማርነው ላራቬል በተባለው ፍሬምወርክ ላይ ነው። ፍሬምወርክ ማለት ቤት ከመመረጉ አስቀድሞ እንደሚቆመው ምሰሶና ማገር ያለ ነው፤ ጭቃውንና ቀለሙን ባለቤቱ ይጨምርበታል። ላራቬልን ቴይለር ኦትዌል የተባለ አሜሪካዊ እ. ኤ. አ. በ2011 አወጣው። መንገዱን የጠረገው ግን ዴቪድ ሄይንማየር ሃንሰን የተባለው የዴንማርክ ሰው እ. ኤ. አ. በ2004 ያወጣው ሩቢ ኦን ሬይልስ ነው፤ በ2007 መጀመሪያ በወጣው 1.2 በተባለው እትሙ የሬስትን ደንብ ተቀበለ። «ሬስት» የሚለውን ስም ያወጣው ሮይ ፊልዲንግ ሲሆን፥ ይኸ ሰው ኮምፒዩተሮች በድረ ገጽ የሚነጋገሩበትን ኤችቲቲፒ የተባለውን ሥርዓት ከጻፉት አንዱ ነው። እ. ኤ. አ. በ2000 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በኧርቫይን ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ደንቡን ገለጸ።

በጽሕፈት ቤት ቋንቋ ሲነገር ነገሩ ከባድ አይደለም። የራሱ ፋይል ሊከፈትለት የሚገባ ነገር ሁሉ፥ ደንበኛ ቢሆን፥ የዕቃ ዓይነት ቢሆን፥ መረከቢያ ቢሆን፥ ሽያጭ ቢሆን፥ የራሱ የማይለዋወጥ አድራሻ ይኖረዋል። ባለሙያዎች «ሪሶርስ» ይሉታል፤ እኔ «ባለ ፋይል» ብዬ ተርጉሜዋለሁ፤ ወጣቱ መምህሬ ግን ይስቅብኛል። መረከቢያ 4471 አድራሻው «መረከቢያዎች/4471» ነው። የአንድ ደንበኛ ሽያጮች ቢፈለጉ «ደንበኞች/88/ሽያጮች» ይባላል። በአድራሻ ላይ ግሥ አይጻፍም። ግሦቹ አስቀድመው የተወሰኑ፥ ለሁሉም ባለ ፋይል አንድ ዓይነት የሆኑ፥ ጥቂት ናቸው፤ «ጌት» አሳየኝ፥ «ፖስት» አዲስ ተቀበል፥ «ፑት» በዚህ አድራሻ ይኸ ይቀመጥ፥ «ፓች» ከፊሉን አስተካክል፥ «ዲሊት» አስወግድ ማለት ነው። አዲስ ሠራተኛ ስድሳ ሦስት ልማድ ማጥናት የለበትም፤ የፋይሎቹን ስም ካወቀ ምን ሊያደርግባቸው እንደሚችል ያውቃል። የባቡሩ ሐዲድ አቃቂ የደረሰው እ. ኤ. አ. በ1915 ነው፤ ፉርጎ በጎኑ በተጻፈው ቁጥር ይጠራል እንጂ «ያ ትናንት የመጣው» ተብሎ እንደማይጠራ የሰፈራችን ሽማግሌዎች ያለ ኮምፒዩተር ያውቁት ነበር።

በላራቬል አንዲት መስመር በመጻፍ ለአንድ ባለ ፋይል ሰባት የተለመዱ ሥራዎች ይዘጋጃሉ፤ ዝርዝሩን ማሳየት፥ አዲስ መጻፊያ ቅጽ ማውጣት፥ አዲሱን ማስቀመጥ፥ አንዱን ለይቶ ማሳየት፥ ማስተካከያ ቅጽ ማውጣት፥ የተስተካከለውን ማስቀመጥ፥ ማስወገድ። በድረ ገጽ የሚሞላ ቅጽ ከጌትና ከፖስት በቀር ሌላ ግሥ መላክ ስለማይችል፥ ፍሬምወርኩ እውነተኛውን ግሥ በቅጹ ውስጥ በተሰወረ ስፍራ ጽፎ ያሳልፈዋል። ይኸን ያወቅሁ ዕለት በፖስታ ውስጥ ሌላ ፖስታ ማሸግ መስሎኝ ሳቅሁ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያደከመን ስም ማውጣቱ ነው። ሦስት ማታ ኮምፒዩተር ሳንነካ፥ እኔ፥ መምህሬና ጋሼ በወረቀት ላይ ስንጽፍና ስንሠርዝ አመሸን። ጋሼን የጠራኋቸው እኔ ነኝ፤ መጀመሪያ እምቢ ብለው ኋላ መጡ። በቀድሞው ፕሮግራም ውስጥ ባለ 12 ሚሊሜትር ብረት አንድ ቦታ «ፌሮ»፥ ሌላ ቦታ «ቶንዲኖ» ተብሎ ተመዝግቦ ሁለት የተለያየ ቀሪ ይዞ ነበር። ይኸን ያወቁት እርሳቸው ናቸው እንጂ እኛ አይደለንም። መምህሬ ደግሞ የደንበኛውን አድራሻ በስልክ ቁጥሩ ላድርገው ብሎ ነበር፤ ስልክ ይቀየራል፥ አድራሻ ግን በየመዝገቡ ተጽፎ ይቀራል ብዬ ከለከልሁት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የደንበኛን ስልክ በየአድራሻው መዝራት ለነጋዴው ስም የሚበጅ አይመስለኝም። ደንበኛው ስሙን የማይገልጥ ተራ ቁጥር ተሰጠው።

ግሦቹ ካላቸው ጠባይ ሁለቱ ነጋዴን በቀጥታ ይነኩታል። የመጀመሪያው፥ ማየት ምንም አይለውጥም የሚለው ነው። ይኸ ለማንም ግልጽ ይመስላል፤ ነገር ግን በሠለጠነው ዓለምም ተዘንግቶ ያውቃል። እ. ኤ. አ. በ2005 ጉግል «ዌብ አክሰለሬተር» የተባለ፥ ገጽ ቶሎ እንዲከፈት የሚረዳ መሣሪያ አውጥቶ ነበር። መሣሪያው ተጠቃሚው ሳይነካቸው በገጹ ላይ ያሉትን ሊንኮች አስቀድሞ እየከፈተ ያዘጋጅ ነበር፤ ሊንክ መክፈት ማየት ብቻ ነው ብሎ አምኖ ነው። አንዳንድ ፕሮግራሞች ግን «አጥፋ» የሚለውን ሥራ እንደ ተራ ሊንክ አድርገው አስቀምጠውት ስለ ነበረ፥ መሣሪያው ያየ እየመሰለው የሰዎችን ጽሑፍ አጠፋ። የእኛ «ዕቃ አሳይና አስተካክል» የተባለው አድራሻ ከዚህ በምን ይለያል?

ሁለተኛው ጠባይ የጋሼን ጉዳይ ይመለከታል። ፑትና ዲሊት አንድ ጊዜ ቢታዘዙም ዐሥር ጊዜ ቢታዘዙም በመዝገቡ ላይ የሚያስከትሉት ነገር አንድ ነው፤ ፖስት ግን በታዘዘ ቁጥር አዲስ ሊጨምር ይችላል። «በሩን ዝጋ» ብዬ ሁለት ጊዜ ባዝ በሩ ያው ዝግ ነው፤ «120 ቆርቆሮ ጨምር» ብዬ ሁለት ጊዜ ባዝ ግን 240 ይሆናል። መምህሬ ነገሩን በቀላሉ ሊያልፈው ፈልጎ፥ «እትዬ፥ ይኸን ያህል አይጨነቁ፤ አንዴ ከተጫኑት በኋላ ቁልፉ እንዳይሠራ አደርገዋለሁ» አለኝ። እኔም፥ «ልጄ፥ መዝጋቢዋ ገጹን ዘግታ እንደ ገና ብትከፍተውስ? መብራት ጠፍቶ በስልክዋ ብትጽፈውስ?» አልሁት። ዝም አለ።

ለመረከቢያው ቁጥር የሚያወጣለት ኮምፒዩተሩ ይሁን ብሎም ነበር። በዚህ አልተስማማሁም። ካርኒያችን ከማተሚያ ቤት ሲመጣ ቁጥሩ ታትሞበት ይመጣል፤ አንድ ቁጥር ለአንድ ርክክብ ነው፤ ዋናውም ቅጂዎቹም ያንኑ ቁጥር ይይዛሉ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ገቢ የሚሆንበትን ሞዴል 19ኝና ወጪ የሚሆንበትን ሞዴል 22ትን ያስታውስ፤ የዚያም ኃይሉ በቁጥሩ ነው። ኮምፒዩተሩ ራሱ ቁጥር የሚያወጣ ከሆነ ሁለተኛውን ትእዛዝ ከመጀመሪያው የሚለይበት ምልክት የለውም፤ ለሁለቱም አዲስ ቁጥር ይሰጣል። የካርኒውን ቁጥር አድራሻ ካደረግነው ግን ትእዛዙ «አዲስ መረከቢያ ጨምር» መሆኑ ይቀርና «መረከቢያ 4471 እንዲህ ሆኖ ይቀመጥ» ይሆናል። ይኸ ፑት ነው። አራት ጊዜ ቢደገም መረከቢያ 4471 ያው አንድ ነው።

መምህሬ ይኸን ከሰማ በኋላ እኔ ያላሰብሁትን ሁለት ነገር ጨመረ፤ ምስጋናው ይድረሰው። አንደኛ፥ ሁለት ትእዛዝ በአንድ ቅጽበት ቢደርሱ ፕሮግራሙ ሊታለል ስለሚችል፥ ቁጥሩ ሁለተኛ እንዳይጻፍ በዳታቤዙ በራሱ ላይ ክልከላ አደረገ። ሁለተኛ፥ ያው ቁጥር የተለየ ብዛት ይዞ ቢመጣ፥ ለምሳሌ 4471 አስቀድሞ 120 ተብሎ ኋላ 150 ተብሎ ቢላክ፥ ፕሮግራሙ በዝምታ እንዳይተካው፥ ይልቁንም በ409 ቁጥር «ካለው ጋራ ይጋጫል» ብሎ እንዲመልስና ጉዳዩ ለኃላፊው እንዲቀርብ አደረገ። ፕሮግራሙን በተረከብንበት ቀን እኔ ራሴ «መዝግብ» ብዬ ወዲያው የኔትዎርኩን ገመድ ነቀልሁ፤ መልሼ ሰክቼ አራት ጊዜ ደጋገምሁ። መዝገቡ አንድ መረከቢያ ብቻ አሳየ። ጋሼ ከኋላዬ ቆመው ያዩ ነበር።

ይኸ ብልሃት የእኛ ቤት ፈጠራ አይደለም። ቻፓ የተባለው የአገራችን የክፍያ አገልግሎት ክፍያ ሲጀመር ነጋዴው የማይደገም የራሱን ማመሳከሪያ ቁጥር እንዲልክ ይጠይቃል፤ ክፍያው መፈጸሙም በዚያው ቁጥር ይጣራል። በአድራሻዎቹ ላይ «ጀምር»ና «አረጋግጥ» የሚል ትርጉም ያላቸው ግሦች ስለሚገኙ ደንብ አጥባቂ የሆነ ሰው ሊያኮርፍ ይችላል፤ እኔ ግን ቁጥሩ እስካለ ድረስ በግሥ አልጣላም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ. ም. ከተጀመረ ወዲህ ደንበኛው በስልኩ መክፈል ለምዷል፤ በተንቀራፈፈ ኔትዎርክ ሁለት ጊዜ መጫንም ከቆርቆሮ አልፎ በገንዘብ ላይ ደርሷል።

ከመምህሬ ጋራ ብርቱ ክርክር ያደረግሁት ግን በሰባተኛው ሥራ፥ በማስወገዱ ላይ ነው። ፍሬምወርኩ ከሌሎቹ ጋራ ስለሚያዘጋጀው እርሱም ለሽያጭ ደረሰኝ አዘጋጅቶት መጣ። ደረሰኝ አይወገድም! የተበላሸ ደረሰኝ «ተሠርዟል» ተብሎ ይጻፍበትና ዋናውም ቅጂውም በካርኒው ላይ እንዳለ ይቀመጣል፤ ተቆጣጣሪ ሲመጣ አጥብቆ የሚጠይቀው ስለ ጎደለው ቅጠል ነው። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008ም ግብር ከፋዩ ሰነዶቹን ለዓመታት ጠብቆ እንዲያቆይ ያስገድዳል። «ታዲያ ስረዛን በየትኛው ግሥ ልግለጸው?» ብሎ ተቸገረ። ብዙ ከተነጋገርን በኋላ የደረስንበት መልስ ስረዛን ግሥ ማድረግ ትቶ ራሱን ባለ ፋይል ማድረግ ሆነ። ስረዛ ቁጥር አለው፥ ቀን አለው፥ ምክንያት አለው፥ የፈረመበት ሰው አለው። አዲስ ስረዛ ይጻፋል፤ የተሠረዘው ደረሰኝ ይጠቀስበታል እንጂ አይነካም።

ትምህርቱ ሁሉ የተገለጠልኝ በዚህች ማታ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ከመጋዘን ወደ መጋዘን ማዛወርን፥ የተመለሰ ዕቃ መቀበልን፥ የዱቤ ጊዜ ማራዘምን፥ ዋጋ ማጽደቅን ግሥ አድርገን ስንናገር ኖረን፥ በእውነቱ ግን እያንዳንዱ ፊርማና ቀን ያለበት ሰነድ ነው። መሐንዲሱ ይኸን ከየት ያውቀዋል? የሚያውቀው ሰነዱን ያስቀመጠው ሰው ነው። ስለዚህ ፍሬምወርኩ አምስት ግሥ ብቻ ስላለው ንግዳችንን አይችለውም የሚለው ክርክር ነገሩን ባለመመርመር የመጣ ይመስለኛል፤ ግሥ የበዛው ስም ስላነሰ ነው።

ሬስት ሌላም ነገር ይጠይቃል፤ እያንዳንዱ ጥያቄ ለብቻው የተሟላ ይሁን፥ አገልጋዩ ኮምፒዩተር ቀድሞ የተነገረውን ያስታውሳል ተብሎ አይታሰብ ይላል። ለጸሐፊ ይኸን ማስረዳት አያስፈልግም። ለደብዳቤ መልስ ስንጽፍ የመጣልንን ደብዳቤ ቁጥርና ቀን አስቀድመን የምንጠቅሰው፥ ተቀባዩ ትናንት የነበረው ሰው ላይሆን ስለሚችል ነው። «ትናንት በተነጋገርነው መሠረት» ብቻ ብሎ የጻፈ፥ ያነጋገረው ሰው በዝውውር ሲሄድ ጉዳዩ ከመሳቢያ ይቀራል። በዚህ ረገድ እኛም ደንቡን ሙሉ በሙሉ አልጠበቅነውም፤ ሠራተኛው አንድ ጊዜ በይለፍ ቃል ከገባ በኋላ ፕሮግራሙ ማንነቱን ያስታውሳል።

መልሱም በቁጥር ነው፤ 200 ተፈጽሟል፥ 201 አዲስ ተፈጥሯል፥ 404 እንዲህ ያለ ፋይል የለም፥ 500 ጥፋቱ ከአገልጋዩ ነው። የቀድሞው ፕሮግራማችን ሥራው ቢሳካም ባይሳካም 200 ብሎ ይመልስና ጥፋቱን በገጹ ግርጌ በቀይ ቀለም ይጽፍ ነበር። ሰው ቀዩን ያያል፤ ሌላ ፕሮግራም ግን ቀለም አያይም።

ይኸን ያነሣሁበት ምክንያት አለኝ። የአገራችን የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት በጥር 2012 ዓ. ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፥ አስመጪና ላኪ ይዞት ከደጅ ደጅ ይዞር የነበረው የፈቃድ ማመልከቻ በኢንተርኔት ይቀርባል። በዚያው ዓመት የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም ሰነድ በኤሌክትሮኒክ መልክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ዋጋውን እንዳያጣ ደንግጓል። የአንዱ ንግድ ቤት ፕሮግራም ከሌላው ፕሮግራም ጋራ በመካከል ሰው ሳይገባ የሚነጋገርበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። ያን ጊዜ ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ዕቃ በእኛ መጋዘን ታስሮ አይቀርም፤ ወደ ደንበኛውና ወደ ባንኩ ሒሳብ ይሻገራል፤ የካርኒውን ቅጂ አውጥቶ የሚያመሳክር ጸሐፊም በየመንገዱ አይቆምም።

አንዳንድ ነጋዴ «ይኸ የፕሮግራም ሠሪው ጉዳይ ነው፤ እኔ ገንዘብ ከፍዬ ሥራ እቀበላለሁ» ይለኝ ይሆናል። ቤት የሚያሠራ ሰው ግን ሲሚንቶው ሲቦካ ቆሞ ያያል። ሬስት መድኃኒት ነው ብዬ የምሰብክም አይደለሁም። ፊልዲንግ ራሱ እ. ኤ. አ. በ2008 ብዙዎች ሬስት ነው የሚሉት ሬስት አለመሆኑን ቅር ብሎት ጽፏል፤ እንደ እርሱ አሳብ የሚመጣው መልስ ቀጥሎ የሚኬድባቸውን ሊንኮች ራሱ ይዞ መምጣት አለበት። በዚህ መለኪያ የእኛ ፕሮግራም ይወድቃል። አልተጨነቅሁበትም፤ ቆርቆሮው በትክክል ተቆጥሯል።

ስለዚህ ፕሮግራም ልታሠሩ ያሰባችሁ ሁሉ፥ ከመዋዋላችሁ በፊት የባለ ፋይሎቻችሁን ስም በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ። ጸሐፊያችሁንና የመጋዘን ኃላፊያችሁን በዚያ ጉባኤ አስቀምጡ። የመጨረሻውን ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት የአድራሻዎቹ ዝርዝር ይቅረብላችሁ፤ በላራቬል አንዲት ትእዛዝ በመጻፍ ይወጣል፤ ሠሪው አይቻልም ቢላችሁ አትመኑት። በዝርዝሩ ላይ «አሳይና አጥፋ» የሚመስል ነገር ካያችሁ አትፈርሙ። «መዝግብ» ብላችሁ ገመዱን ነቅላችሁ ድገሙት፤ ሁለት ከሆነ ገንዘባችሁን ያዙ። ይኸ አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ይፈጃል፤ እኛ ባለማድረጋችን አንድ ሽማግሌ ሦስት ሳምንት ሙሉ ምሳቸውን ሳይበሉ ዋሉ።

አሁን ባለ ፋይሎቻችን ዐሥራ አንድ ናቸው። ስማቸውን በትልቅ ወረቀት ጽፌ በመጋዘኑ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ሲያነቡት ቆዩና፥ «በጉዞ ታጥፎ ወይም ዝጎ የደረሰው ቆርቆሮስ ስሙ የታለ?» ብለው ጠየቁኝ። የለም። በ«መረከቢያ» ውስጥ በማስታወሻ እንጽፈው ነበር፤ እርሳቸው ግን የራሱ ቁጥርና የሹፌሩ ፊርማ ይኑረው አሉ። መምህሬ ቅዳሜ ይመጣል።